በእናት በኩል የሚቆጠር

ጀርመን፣ ጥቅምት 12 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለታላቅ እህቴ ለአሳየሽ፣

እንዴት ከርማችኋል? ባለቤትሽ ጌታነህስ? የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነ? ለአዲስ ዓመታችን ለጊፋታ ካርድ ሳልልክላችሁ በመቅረቴ እንደምትቀየሚኝ አውቃለሁ፤ ተቀየሚኝ፣ ይገባኛል። ፖስታ ቤት ያስገባሁት መስሎኝ ነበር። ዛሬ ከካፖርቴ ኪስ ተጣጥፎ ወጣ።

ጥያቄሽ እንዴት እንዳስደሰተኝ አልነግርሽም። አራት ዓመት ሙሉ ከቤታችን ሰው ስለምሠራው ነገር የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። እማዬ ለምእመናኑ ሁሉ «ልጄ ጦና የኩላሊት ሐኪም ነው» እያለች እንደምታወራ ሰምቻለሁ። አይደለሁም በያት። እኔ የማየው የአይጥ ፅንስ ኩላሊት ነው፤ መጠኑ ከጤፍ ፍሬ ጥቂት ይበልጣል። እስካሁን ማንንም አላከምኩም፤ አይጦቹንም ጭምር።

አዎ፣ ፍጥረት ያለ ኩላሊት ሊወለድ ይችላል። ኩላሊት ሲጀመር ሁለት ወገን ነው። በአንዱ ወገን ቀጭን ቱቦ አለ፤ በሌላው ወገን የተሰበሰቡ ሴሎች ይጠብቃሉ። ከቱቦው ቡቃያ ይወጣና ወደ እነሱ ያድጋል። የሚጠብቁት ሴሎች ገላቸው ላይ «ተቀባይ» የምንላቸው መያዣዎች አሏቸው፤ አንቺ እጅ በያቸው። በእነዚህ እጆች በቡቃያው ዙሪያ ያለውን ክር ይጨብጣሉ። ሲጨብጡ ወደ ውስጥ መልእክት ይሄዳል፤ ቡቃያው ይገባል፣ ይከፈላል፣ እንደገና ይከፈላል። ሴሎቹም እየተሰበሰቡ፣ እየተጠቀለሉ፣ ሽንት የሚያጣሩ ጥቃቅን ቱቦዎች ይሆናሉ። አባታችን ለቦዬው ተክል እንጨት ሲያቆምለት ትዝ ይልሻል? ሐረጉ የሚይዘው ካጣ መሬት ላይ ይጠቀለላል እንጂ አይወጣም።

እኛ ዘንድ ከእነዚያ እጆች አንዱ ዓይነት የሌላቸው አይጦች አሉ። ቡቃያው ይመጣል፣ ደጅ ላይ ይቆማል፣ በዚያው ይቀራል። ሲወለዱ ምንም የጎደላቸው አይመስሉም፤ በማግሥቱ ይሞታሉ። ሰውስ ላልሺው፣ በሰው ላይ ያሳየ እስካሁን የለም።

ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎችሽ ይህ የሚበዛባቸው ይመስለኛል። ሥዕል ከፈለግሽ ሠርቼ እልክልሻለሁ። ምዕራፉ ላይ መቼ ትደርሻለሽ?

ወንድምሽ ጦና


ሶዶ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጦና፣

በጌታ ሰላም እልሃለሁ። እማዬ ደህና ናት፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉልበቷ ከሬዲዮ ቀድሞ ይነግራታል። ሐኪም አለመሆንህን ነገርኳት፤ «ትሕትናው ነው» አለች።

የጠየቅሁህ ለተማሪዎቼ አይደለም። ለእነሱ የማስተምረውን ያህል አውቃለሁ፤ ሰባ ስምንት ልጅ፣ አንድ ቻርት፣ እሱም ልክ ኩላሊቱ ላይ ተቀዷል።

ካቻምና «በአምስት ወሩ ወረደ» ብለን የጻፍንልህ ውሸት ነው። ዘጠኝ ወሩን ጨርሶ ነው የተወለደው። ወንድ ነበር። ፊቱ በእጅ የተጫኑት ይመስል ጠፍጠፍ ያለ፣ ጆሮው ዝቅ ያለ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው። ከረፋድ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆየ። ባለፈው ነሐሴ ደግሞ ሴት ወለድኩ፤ እሷ ምሳ ሰዓትም አልደረሰች። በሁለቱም የሽርት ውሃ አልነበረም። በሁለቱም ጨርቁን እኔ ነኝ የገለጥኩት፤ ደረቅ ነበር። አንዲት ጠብታ አልሸኑም ጦና። ሰው ሁሉ የሚያየው ፊታቸውን ነበር፤ ስለ ጨርቁ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለአንተ ያልነገርንህ እማዬ «ፈተና ላይ ነው፣ ልቡን አትክፈሉበት» ብላ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ፈተና ላይ ነህ።

አሁን ነገሩ ከእኔ እጅ ወጥቷል። አማቴን እትዬ የማርያምወርቅን ታውቃታለህ፤ «ጴንጤ ምራት በቤቴ አትገባም» ብላ የሠርጉ ዕለት አልጋ ላይ ተኝታ የዋለች ሴት ናት። አሁን ሽማግሌ ሰብስባለች። ጎሜ ነው አሉ፤ ሥርዓት የጣሰን ቤት የሚከተል ርግማን፣ ያውም የእኛ ቤት ጎሜ። አባታችን የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ሳለ ለመሠረተ ትምህርት ቤቱ ማገር ብሎ ከጎሣው መቃብር ላይ ያስቆረጠው ዝግባ አለ አይደል? የአባት ጥፋት በልጅ ማሕፀን ወጣ ተብሏል። እንናዘዝና ፍየል ታርዶ እንንጻ ነው የሚሉት። ያንን ካደረግሁ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኔ ትቀጣኛለች። ካላደረግሁ ወደ እናቴ ቤት እመለሳለሁ፣ ለጌታነህ ሌላ ሴት ይፈለጋል። ሁለት ወር ሰጥተውናል፣ እስከ ዐቢይ ጾም።

ጌታነህ ምን አለ ብለህ እንዳትጠይቀኝ። ዝም አይነቅዝም ብሎ ተቀምጧል።

አንድ ነገር አድርግልኝ። ነገሩ የሥጋ እንጂ የጎሜ አለመሆኑን ጽፈህ ላክልኝ። በምን ቋንቋ እንደጻፍከው ግድ የለኝም፤ ማኅተሙ ጎልቶ ይታይ።

እህትህ አሳየሽ


ጀርመን፣ የካቲት 2 ቀን 1991 ዓ.ም.

እህቴ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በጥር መጨረሻ ነው። ሦስት ጊዜ መልስ ጀምሬ ሦስቴ ቀደድኩት። «በማግሥቱ ይሞታሉ» ብዬ ለአንቺ፣ ያውም እንደ ጨዋታ አድርጌ መጻፌ አሁንም ፊቴን ያቃጥለኛል። ይቅር በይኝ። የልጆቹን ስም እንኳ አላውቅም፤ አውጥታችሁላቸው ነበር?

ወረቀቱ በዚህ ውስጥ አለ። በእንግሊዝኛ ነው፤ ፕሮፌሰሬ ፈርሞበታል፣ ማኅተሙም ሰማያዊና ትልቅ ነው። ነገር ግን ከማንበብሽ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ፦ «የልጆቹ ሞት ምክንያት ይህ ነው» አይልም። «ሊሆን ይችላል» ነው የሚለው። ልጆቹን አላየሁም፣ ማንም ከፍቶ አልመረመራቸውም፤ አይጥ አይቼ ስለ ሰው ልምል አልችልም። ፕሮፌሰሬም ከዚህ በላይ አልፈርምም ብሏል። ገና ለገና ማኅተም አለኝ ብዬ እንደማልዋሽ ተረጂኝ።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። አንቺና ጌታነህ ትዛመዳላችሁ? ያንን እጅ የሚሠራው ትእዛዝ በእያንዳንዳችን ውስጥ ሁለት ቅጂ ነው፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይበቃል፤ ሰውዬው ጤነኛ ነው፣ ሳያውቅ ይኖራል። ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች ተጋብተው ሁለቱም የተበላሸውን ካወረሱ ግን ልጁ ያለዚያ እጅ ይፈጠራል። ሁለት ባዕድ ሰዎች አንድ ዓይነት ብልሽት ይዘው መገናኘታቸው ብርቅ ነው። ብዙ ጊዜ ከአንድ አያት ወይም ቅድመ አያት የወረደ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ጠይቂ፣ አጣሪ።

ጦና


ሶዶ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለጦና፣

እንዴት ሰነበትክ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ መጻፍ ደክሞኛል፤ ስለዚህ ዝለለው።

አንዛመድም። ከመጋባታችን በፊት አንድ ወር ሙሉ ተቆጥሯል፤ የእነሱ ጎሣ ሌላ፣ የእኛ ጎሣ ሌላ። ዘር ቆጣሪው አቶ ዳልጮ ራሳቸው ናቸው ከሁለታችንም ወገን ሰባት ሰባት አባት ጠርተው «ደሙ አይገናኝም» ብለው የመረቁን። እኚሁ አቶ ዳልጮ ናቸው አሁን የጎሜውን ሸንጎ የሚመሩት።

ወረቀትህን አነበብኩላቸው። በጌታነህ አባት ግቢ፣ ከእንሰቱ ሥር፣ አሥራ አንድ ሽማግሌ ተቀምጦ። የምተረጉመው እኔው ነኝ፤ በእኔ ላይ የተከፈተ ክስ፣ በእኔ አፍ። «ሊሆን ይችላል» የሚለው ጋ ስደርስ ልዘለው እችል ነበር። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም። አልዘለልኩትም። ለምን እንዳልዘለልኩት እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ፤ በአንተም ብናደድ በራሴም ነው የምናደደው።

አቶ ዳልጮ ማኅተሙን በአውራ ጣታቸው ደባበሱት። «ይሄ ወረቀት ይምላል ወይስ አይምልም?» አሉኝ። አይምልም አልኩ። «ልጄ፣ በ‹ሊሆን ይችላል› እኛ በሬ አንሸጥም፤ እንዴት ጎሜ እናወርዳለን?» አሉ። ሰው ሳቀ። ጌታነህ መሬት መሬት ያይ ነበር። አማቴ አልሳቀችም፤ እሷ ለነገሩ ጨርሶ አትስቅም።

ስማቸውን ጠይቀሃል። አላወጣንላቸውም። ያልሰነበተ ልጅ ስም የለውም። አንተ ግን ስም ጠየቅህ፤ ለዚያ ብቻ አመሰግንሃለሁ።

ቀኑን እስከ ጊፋታ አራዝመውልናል፤ በመከር ፍየል ይረክሳል መሰለኝ ምክንያቱ።

አሳየሽ


ጀርመን፣ ሰኔ 14 ቀን 1991 ዓ.ም.

አሳየሽ፣

ሰባት አባት ቆጥረሽ ላክሽልኝ። እናት ስንት ቆጠርሽ?

ባዮሎጂ አስተማሪ ነሽ። ልጅ ከአባት ብቻ ይወርሳል ብለሽ ተማሪ ፊት ብትናገሪ ኢንስፔክተሩ ያስቆምሽ ነበር። ጎሣ በአባት ነው የሚጠራው፤ እሺ። ደም ግን ያንን አያውቅም። የጌታነህ እናት እናት ማን ናት? የእናታችን እናት እህት ነበራት? አንቺም አታውቂም፣ እኔም አላውቅም፤ አያታችንን የማውቃት «የዲምቱዋ አያታችን» ብዬ ነው፣ ከየት መጣች ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ሂጂና ጠይቂ። ወንዶቹን አይደለም።

በእኔ በኩል ነገሩ ሁሉ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆኗል። የስምንት ወር ሥራዬን የያዘ ማቀዝቀዣ አንድ ሰው ሶኬቱን ነቅሎት ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ቀልጦ ጠበቀኝ። እንደ አዲስ ጀምሬያለሁ። ከአንድ ጤፍ ውስጥ ቱቦ እቆጥራለሁ፤ ስንት ቅርንጫፍ፣ ስንት ጫፍ። ይህ ሁሉ እውቀት ለእህቴ አንዲት የምትረባ ዓረፍተ ነገር አላወጣም። አንዳንዴ ጓንቴን አውልቄ የምወረውረው በማን ላይ እንደሆነ አላውቅም።

የጻፍኩበት ቃና ጥሩ አይደለም። ይቅርታ፤ ግን አልቀድደውም።

ጦና


ሶዶ፣ ጥር 6 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጦና፣

ሰባት ወር ዝም ማለቴን በቁጣ እንዳትተረጉመው። እርግጥ መጀመሪያ ላይ ቁጣ ነበር፤ የጊፋታው ቀነ ገደብም ሳይፈረድ እንደገና ተራዘመ። በኋላ ግን በኅዳር አራት ቋንቋ ተደባልቆ በመጣው መማሪያ መጽሐፍ የተነሳ ከተማው ተናወጠ፤ ሰምተህ ይሆናል። ትምህርት ተዘጋ፣ ከመምህራኑም የታሰረ አለ። እኔ ደህና ነኝ። በአፋችን እንድንማር የተደረገው ያ ሁሉ ጩኸት ካለፈ በኋላ ለአንተ በአማርኛ መጻፌ ያስቀኛል፤ ግን ሁለታችንም ፊደል የቆጠርነው በዚሁ ነው።

ሥራ ስለፈታሁ ዲምቱ ሄድኩ። የአያታችን ወንድም ልጅ አቶ ማሞ አሁንም በሕይወት አሉ። አባት ጥሩልኝ ስላቸው አሥራ አንድ ድረስ ሳይተነፍሱ ጠሩ። «አያቴ እህት ነበራት?» ስላቸው ግን፣ «ሴት ወጥታ ትሄዳለች፤ ማን ይቆጥራታል?» አሉ። ይሄኔ ሚስታቸው ከጓዳ ሆና በወላይትኛ ጮኸች፦ ሁለት ነበሩ፤ ታናሽቱ በልጅነቷ ወደ ሶዶ ተዳረች፣ ክርስትና ተነሥታ ወለተ ማርያም ተባለች፣ በዚያው ጠፋች። ቆጮውን እየቆረጠች ነው የምትናገረው፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

ወለተ ማርያም የአማቴ እናት ናት።

ገባህ? እትዬ የማርያምወርቅ የእናታችን የአክስት ልጅ ናት። በስሙም በቤተ ክርስቲያኑም ተለያይተን እንደ ባዕድ ስንጠላላ የኖርን የአንድ ቤት ሰዎች ነን። ሄጄ ነገርኳት። «እናቴ ስትሞት የምትጠራው ስም ነበር፤ ማን እንደሆነ አላወቅንም ነበር» አለች። ስሙን ስትነግረኝ የአያታችን ሆነ። ከዚያ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሞኝ ነኝ። ጎሜው የአባቴ አይደለም፣ ዝግባውም አይደለም፣ የሥጋ ነገር ነው ብዬ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ቀረብኩ። አሁን «ሊሆን ይችላል» አላልኩም፤ በስም ጠርቼ ተናገርኩ። አቶ ዳልጮ አዳመጡ። አዳምጠው ሲጨርሱ ምን አሉ መሰለህ? «እንግዲያው ጎሜው ተገኘ። ዘመድ ከዘመድ ተጋብቷል። ይፋቱ።» ከድጡ ወደ ማጡ። በፊት ፍየል ታርዶ ያልፍ ነበር፤ አሁን ማንጻትም የለውም። አንተ ሂጂ ጠይቂ አልክ፤ ጠየቅሁ። እውነትህ ይኸውልህ፤ የት ላስቀምጠው?

ለብቻው በጻፍኩት ወረቀት ላይ የጠየቅሁህን አንብበህ ቅደደው። ቁጥር ብቻ መልስልኝ፤ ምክር አልፈልግም።

አሳየሽ


ጀርመን፣ መጋቢት 1 ቀን 1992 ዓ.ም.

እህቴ፣

ቀድጄዋለሁ።

የመጀመሪያው ቁጥር ይኸውልሽ። ሁለታችሁም የተበላሸ ቅጂ ከያዛችሁ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል ልጁ ያለዚያ እጅ ይፈጠራል፤ ከአራት ሦስቱ ደህና ነው። «ሁለቱ አልፈዋልና ከእንግዲህ የሚመጡት ይድናሉ ወይ?» ላልሺው፣ አይደለም። ያለፈው አይቆጠርም። በየጊዜው እንደ አዲስ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር። እጁ ከሌላቸው አይጦች ሁሉም አይሞቱም። እስካሁን ካየኋቸው አርባ ውስጥ ሰባቱ ኖረዋል። አንድ ኩላሊት ይኖራቸዋል፣ ትንሽና ወጣ ገባ የሆነ፣ ግን ይሠራል። ለምን? አላውቅም። ቡቃያው የሚይዘው ሳይኖር እንደምንም ይገባል፤ ምናልባት ሌላ ዓይነት እጅ በቦታው ይተካ ይሆናል። ፕሮፌሰሬ «እነሱን ተዋቸው፣ ጽሑፉን ያበላሹብናል» ይላል። እኔ ግን ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወዲህ እነዚያን ሰባቱን ብቻ ነው የምቆጥረው። ተቆጥቶኛል። ይቆጣ።

ምክር አልፈልግም ብለሻል፤ እኔ ግን ወንድምሽ ነኝ። አትውለጂ። ልጅ ማሳደግ ይቻላል፣ ያለ ልጅም ይኖራል። ሦስተኛ ደረቅ ጨርቅ እንድትገልጪ አልፈልግም።

ደግሞስ ይህን ቁጥር አሁን፣ ሊያፋቱሽ በተቀመጡበት ሰዓት፣ ለምን ፈለግሽው?

ጦና


ሶዶ፣ ሰኔ 5 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለጦና፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። የበልግ ዝናብ ቀርቶ ብዙ ቤት ባዶ ነው። ከቦምቤ በኩል የሚመጡት ተማሪዎቼ ግማሾቹ ጠፍተዋል፤ የመጡትም በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ያንቀላፋሉ፤ አልቆጣቸውም። እማዬ ለጎረቤት ስታካፍል የራሷን ትረሳለች።

ፍቺው ቀርቷል። እንዴት እንደቀረ ልንገርህ።

በግንቦት መጀመሪያ የመጨረሻው ሸንጎ ተቀመጠ። አቶ ዳልጮ ፍርዱን ሊያሰሙ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ አማቴ ብድግ አለች። ሴት በዚያ ሸንጎ አትናገርም፤ ሲጠይቋት ብቻ ነው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። «ዳልጮ፣ ይሄን ልጅ ለልጄ ስትሰጡ ስንት አባት ቆጠራችሁ?» አለች። ሰባት አሉ። «እናትስ?» ጉሮሯቸውን እንደገና ጠረጉ። «የእኔ እናት ከዲምቱ መጣች ያለ ከመሃላችሁ ሰው ነበር?» ማንም የለም። ከዚያ እንዲህ አለች ጦና፣ ቃል በቃል ነው የምጽፍልህ፦ «ስታጋቡ ያልቆጠራችሁን፣ ስታፋቱ ልትቆጥሩን? ወይ ድሮ ትቆጥሩን ነበር፣ ወይ ዛሬም ተዉን!»

አቶ ዳልጮ ግራና ቀኝ አዩ። ተነጋገሩ፣ ጫት የያዘው ጫቱን አስቀመጠ፣ እንደገና ተነጋገሩ። በመጨረሻ «በእናት በኩል የሚቆጠር ሕግ ከአባቶቻችን አልተቀበልንም፤ ስለዚህ አንፈርድም» ብለው ተነሡ። ጌታነህ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እያየ እጄን ያዘኝ። ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነው፤ ይህንን ነግሬዋለሁ።

አማቴ አሁንም አትስቅልኝም። ስታልፍ ግን «የእህቴ ልጅ» ትለኛለች፤ እንደ ስድብ አድርጋ።

ሌላም አለ። ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። ለእማዬ ሥልጠና ነው ብያታለሁ። ሥልጠና አይደለም። ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ጥር ላይ ቁጥር ስጠይቅህም አውቄ ነው፤ ምክርህ የደረሰው ሦስት ወር ዘግይቶ ነበር፣ ቀድሞ ቢደርስም አልሰማህም ነበር። ሐኪሙ መሣሪያውን ሆዴ ላይ አዟዟረ። ምስሉ የተበላሸ ቴሌቪዥን ነው። «ውሃ አለ፤ ብዙ አይደለም፣ ግን አለ» አለኝ። ኩላሊቱስ ስለው፣ «ጀርባውን አዙሯል፤ በደንብ አልታየኝም» አለ። ይኸው ነው ያለው።

ከአሁን በኋላ ስለዚህ ነገር አትጠይቀኝ።

አሳየሽ


ጀርመን፣ ነሐሴ 3 ቀን 1992 ዓ.ም.

አሳየሽ፣

ስድስት ወር! ስድስት ወር ሙሉ ደብቀሽኝ! እኔ እዚህ ሆኜ አትውለጂ እያልኩ ስጽፍ አንቺ ደብዳቤዬን ሆድሽ ላይ አድርገሽ ታነቢው ነበር ማለት ነው። ቤታችን ዜና መደበቅ ከማን እንደተማረ አላውቅም፤ በአባት ይሁን በእናት ይህንንም ቁጠሪልኝ።

ውሃ አለ ማለቱ ጥሩ ነው። ከአምስት ወር በኋላ ያ ውሃ ባብዛኛው የፅንሱ ሽንት ነው። ግን ብዙ አይደለም ማለቱን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ኩላሊት ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ሊሆን ይችላል፣ አሳስቶ ያየው ሊሆን ይችላል። ይኸው፣ እንደገና «ሊሆን ይችላል»። ሌላ ቃል የለኝም፤ ቢኖረኝ እሰጥሽ ነበር። እንኳን ያንቺን፣ የምገላልጣቸውን አይጦችስ መቼ አስቀድሜ አውቄ።

አንዲት ግልገል አይጥ ስትወለድ መጀመሪያ የምናየው ፊኛዋን ነው፤ ከሞላ ትኖራለች። አንቺም ጨርቁን እዪ። በመጀመሪያው ቀን ደረቅ ቢሆን አትደንግጪ፤ ጤነኛ ልጅም አንድ ቀን ሳይሸና ሊቆይ ይችላል። ሁለተኛው ቀን ግን ሆስፒታል።

ሲሆን አንድ ቃል ጻፊልኝ። ሸና፣ ወይም አልሸናም። ስለ ዝናብ አትጻፊልኝ። ስለ እማዬ ጉልበት አትጻፊልኝ። ሰላምታም አልፈልግም።

ጦና


ሶዶ፣ መስከረም 22 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጦና፣

በጌታ ሰላም ለአንተ ይሁን፤ እንዴት ከርመሃል? ዝናቡ ዘንድሮ ጥሩ ነው። የእማዬ ጉልበትም ተሽሎታል። ተናደድክ አይደል? እኔም ሦስት ዓመት ተናድጃለሁ፤ ትንሽ ቅመሰው።

የወለድኩት ረቡዕ ጠዋት ነው። ሴት ናት። ጮኸች፤ የቀድሞዎቹ ሲጮኹ አልሰማሁም ነበር። ውሃው ፈሰሰ፤ አዋላጇ ጫማዋን ስታይ እኔ አለቀስኩ፣ ምን እንዳስለቀሰኝ አልገባትም። ፊቷ የሰው ፊት ነው፤ አፍንጫዋ አለመታደል ሆኖ የአንተ ነው።

ረቡዕን ሙሉ ጨርቁ ደረቅ ነበር። አንድ ቀን ሊቆይ ይችላል ብለህ ጽፈህልኛል፤ ያንን ወረቀት ትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ፣ ግን በወረቀት ማን ያርፋል። ለአማቴ ስለ ጨርቁ ነገርኳት፤ ከአንተ ሌላ የነገርኩት ለእሷ ብቻ ነው። ወንበር አምጥታ አልጋው ጎን ተቀመጠች፤ እኔ ስገልጥ ታያለች፣ ስሸፍን ታያለች። ሐሙስ ረፋድ ላይ ሊጠይቁ የመጡትን ሁሉ በር ላይ መለሰቻቸው፤ አቶ ዳልጮንም ጭምር። «ገና ነው» አለቻቸው። ምኑ ገና እንደሆነ አልነገረቻቸውም።

ጌታነህ ሆስፒታል የሚወስደንን መኪና ሊፈልግ ወጣ። ለአንተ «አልሸናችም» ብዬ መጻፍ ጀምሬ ነበር፤ አንድ ቃል ጻፊልኝ ብለሃልና። ልጅቷን ጭኔ ላይ አስተኝቼ፣ ወረቀቱን አጠገቧ አድርጌ ስጽፍ ጭኔን ሞቀኝ። ያ ወረቀት ይህ ነው። የመጀመሪያውን መስመር ሰርዤዋለሁ፤ ብርሃን ላይ ብታደርገው ይታይሃል።

ስሟ ሩት ነው፤ ያወጣችላት አማቴ ናት። ከሦስቱ ጤነኞች ወገን ትሁን ከሰባቱ፣ አላውቅም፤ ወደፊት አዲስ አበባ ወስጄ አሳያታለሁ። አንተ ግን ሰባቱን መቁጠርህን አትተው።

ወረቀቱ ከታች በኩል ተሸብሽቦ ቀለሙ የፈሰሰበትን ቦታ ታያለህ። እንባ እንዳይመስልህ። አማቴ «ሌላ ወረቀት ቀይሪ፣ ነውር ነው» አለችኝ፤ ከዚያ አየችውና ሳቀች፤ በሕይወቴ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። አልቀይርም አልኳት። ማኅተም ነው፤ ወንድሜ ያውቀዋል አልኳት።

እህትህ አሳየሽ